ከፍለን የጠበቅናት መኪና

ከመኪናዋ በፊት የመጣው ጎማዋ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ጎማ በባጃጅ አስጭኖ ግቢ ገባ። ለእሱ መቀመጫ ስላልተረፈ አንዱን ጎማ አቅፎ፣ ግማሽ ሰውነቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። የመኪናዋን ዋጋ ከፍለን ከአዲስ አበባ ከተመለስን ገና ብዙም አልቆየንም። «የምን ጎማ ነው?» አልኩት። «የእኛ» አለኝ። «ምነው፣ እሷ ያለ ጎማ ነው እንዴ የምትመጣው?» ስለው፣ «የፋብሪካ ጎማ ለዚህ አገር አይሆንም፣ ቲቸር» አለና እያንከባለለ ዕቃ ቤት አስገባቸው። ጎማዎቹ የበቆሎ ጆንያዬን ቦታ ያዙ። እኔም ጆንያውን እየጎተትኩ ወደ መኝታ ቤት ወሰድኩት።

ቲቸር የሚለኝ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለሆንኩ ነው። ሲቆጣም ሲያቆላምጥም ያው ቲቸር ነኝ። እሱ ሹፌር ነው፤ «ነበርኩ» ማለት አይወድም። ደርግ በወደቀ ማግስት የመስሪያ ቤት ላንድክሩዘር እየነዳ ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ መጣ። መኪናው አርጅቶ በጨረታ ተሸጠ፤ እሱ እዚሁ ቀረና እኔን አገባ። ከዚያ ወዲህ ቱርሚ በሉት ሃና በሉት፣ ኃላፊ ጭኖ ያልሄደበት አቧራ የለም። ደረቅ ወንዝ መሃል አሸዋ ሲይዘው በአካፋ እየዛቀ፣ ሙላት ሲመጣበት ወዲያ ማዶ እያደረ ባገኘው አበል ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። አሁን ሁሉም በየፊናቸው ሄደዋል፣ በበዓል ይደውላሉ።

የመንግሥት መኪና ግን ለእሱ የመንግሥት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ምጥ ሲይዘኝ መኪናው ደጃችን ቆሞ ነበር። እሱ ግን የመውጫ ፈቃድ ሳይፈረም አላነሳም ብሎ ኃላፊውን ፍለጋ ሄደ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ደረሰ። ይህን ለሰው ስነግር ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሳቅኩ አይመስለኝም።

ጡረታ የወጣ ዕለት ጋቢ አለበሱት፣ ኃላፊው ንግግር አደረገ፣ እሱም ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። የመጀመሪያ ሰሞን አጥር ጠገነ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ፈታ። ከዚያ ወንበሩን ከበር ውጭ አውጥቶ ወደ መንገዱ ዞሮ መቀመጥ ጀመረ። መኪና ሲያልፍ ቀና ሳይል በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ላይ ይነግረኝ ነበር፣ በኋላ መንገሩንም ተወው። ሳቀርብለት ይበላል፣ ካላቀረብኩ አይጠይቅም። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ጤነኛ ነው አሉኝ። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ከኋላዬ መጥቶ፣ «የራሴ የምላት መኪና ሳልነዳ ልሞት ነው ማለት ነው» አለኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለው። ሰውዬው በቁሙ እየሄደብኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ በጣምም ፈራሁ። እሱን ወደ ቤቱ የሚመልስልኝ መኪና ብቻ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ገንዘብ አልነበረንም፣ መሬት ግን ነበረኝ። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ጂንካ ሲሰፍሩ ያቀኑት ግቢ ነው፤ እናቴ ለእኔ አወረሰችኝ። ወደ ገበያው መንገድ የሚያየውን የፊት ለፊቱን ግማሽ ሸጥኩት። ጎረቤቶቼ «መኪና ያረጃል፣ መሬት አያረጅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም የምመክረው ይህንኑ ነበር። ገዢው ውሎ ሳያድር የእናቴን ማንጎ አስቆርጦ የሱቅ መሠረት ማስቆፈር ጀመረ። ማንጎው ሲወድቅ ኩሽና ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁ፣ መሬቱም ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፣ ግን ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። የመደንዘዜ ነገር የጀመረው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ልንከፍል አዲስ አበባ አብረን ሄድን። የመኪና ሻጮቹ ቢሮ ምድር ቤት አንዲት ነጭ መኪና እያብረቀረቀች ቆማለች። ባለቤቴ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠርጎ ገባባት። ላስቲኩ ከመቀመጫዋ ስላልተነሳ ሲቀመጥ ተንኮሻኮሸ። መሪዋን ያዘ፣ ማርሽዋን ነካካ፣ ከዚያ ሽያጭ ክፍል የምትሠራውን ልጅ «እስቲ አስነሺልኝ፣ ድምፅዋን ልስማው» አላት። «ጋሼ፣ ይቺ ለዕይታ ናት፣ ባትሪ የላትም» አለችው። ኮፈኗን አስከፍቶ ጎንበስ አለና ብዙ ቆየ። ቀና ሲል የፊቱ ወዝ ተመልሶለት ነበር። ያን ፊት ካየሁ በኋላ የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ ሳላነብ ፈረምኩ።

ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን በርክክብ ጊዜ መክፈልም ይቻል ነበር። እሱ አሻፈረኝ አለ። «ግማሽ የተከፈለበት ነገር የጋራ ነው። የጋራ መኪና ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ» አላት ልጅቷን። ሙሉውን የከፈለ ወረፋው ይቀድማል ስትል እኔም ልቤ ረጋ። ክረምቱ ሲወጣ ትረከባላችሁ ተባልን። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ኮንሶ ድረስ ሳያቋርጥ አወራ፤ ደክሞኝ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም።

ዕቃ መግዛት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር ለአንዲት ብሎን መኪና ወር ሙሉ ይቆማል። የደቡብ ኦሞ ሹፌር መለዋወጫ የሚገዛው ሲሰበርበት አይደለም፣ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ከጎማው ቀጥሎ ካንዴላ መጣ፣ የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ መጣ፣ ችንጋ መጣ፣ ኩሽኔታ መጣ፣ ሐዋሳ የሚሄድ ጓደኛውን ለምኖ ፍሪሲዮን አስመጣ። ሁሉንም በጨርቅ እየጠቀለለ ዕቃ ቤት ይደረድራል። አንድ ቀን ጨው ፍለጋ ገብቼ የጠቀለለበት ጨርቅ የእኔ ነጠላ ሆኖ አገኘሁት። «ይቺ ነጠላ እኮ ደህና ነበረች» ስለው፣ «ፍሪሲዮኑም ደህና ነው» አለኝ። ቢያንስ መልስ ይሰጠኛል ብዬ ተውኩት።

የጂንካ ሹፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። ለየትኛውም መስሪያ ቤት አዲስ መኪና ሲመጣ ቆላ ያለችው ወይጦ ከተማ ድረስ ወርደው ይቀበሉታል። ከወይጦ ወዲህ መንገዱ እየወጣ ወደ ቀይ አፈር ከተማ፣ ከዚያም ወደ እኛ ይመጣል። መኪናውን ከአዲስ አበባ ያመጣው ሰው ወይጦ ላይ ቁልፉን ያስረክባል፣ ፍየል ይታረዳል፣ በዕድሜ የበለጠው ሹፌር ይመርቃል። ከዚያ ዳገቱን የሚያወጣው መኪናውን የሚረከበው ሹፌር ራሱ ነው። «መኪና ጌታውን የሚለየው ዳገት ላይ ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ስንቱን ሲቀበል፣ ስንቱን ሲመርቅ ኖረ። አሁን የራሱን ቀን ያስባል። ማን ማን እንደሚወርድ፣ ፍየሉን ከማን እንደሚገዛ ሁሉ ወስኗል። ከአዲስ አበባ እስከ ወይጦ ራሱ እየነዳ ሊያመጣት፣ ከወይጦ ወዲህም ራሱ ሊያወጣት ነው። «ታዲያ ቁልፉን ማን ለማን ያስረክባል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ላንቺ እሰጥሻለሁ፣ መልሰሽ ትሰጪኛለሽ» አለኝ።

ክረምቱ ወጣ። ባለቤቴ ደወለ። «ጋሼ፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አለችው ልጅቷ። መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ። «የውጭ ምንዛሪ አፕሩቫል እየጠበቅን ነው።» ሌላ ክረምት ገባ። «መርከብ ላይ ናት።» መርከብ ላይ ናት የተባለ ሰሞን በጣም ደስ ብሎት ስለ ባሕር ጠየቀኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ ካርታ ዘርግቼ አስተማርኩት። ከዚያ መርከቡ የት እንደደረሰ የሚነግረን ጠፋ። ቆይቶ ልጅቷም ሥራ ለቀቀች፣ በእሷ ቦታ አንድ ወንድ ገባ፤ እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም እንድንነግረው ፈለገ። ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ወደ ወንበሩ ሄደ።

ሰው መጠየቁን አይተውም። ገበያ ውስጥ ማንጎ የምትሸጥልኝ የአሪ ሴት፣ እናቴን የምታውቅ፣ ባየችኝ ቁጥር «መኪናሽ አልመጣም እስካሁን?» ትለኛለች፤ ከልቧ ነው። አንዳንዱ ግን ከልቡ አይደለም። መምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ ባልደረባዬ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሲጀምር ሌላዋ «ወተቷንም አላይ» ብላ ጨረሰችለት። ዞረው ሲያዩኝ ደነገጡ። ልቆጣ ብዬ ውስጤን ፈለግኩ፣ ምንም አላገኘሁም። ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ።

እንዲያ ነው የኖርነው። የተሸጠው ግቢ ላይ ሱቁ አለቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ተከፈተም። እኔም ስኳር ሲያልቅብኝ እዚያው ሄጄ እገዛለሁ። ማንጎው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ መልስ እቀበላለሁ። ባለቤቴ ዕቃ መግዛቱን አቆመ፣ ከዚያ ስለ ወይጦ ማውራቱን አቆመ፣ ከዚያ ማውራቱን አቆመ። ጠዋት ዕቃ ቤት ገብቶ ጎማዎቹን ወደ ሌላ ጎናቸው ያዞራቸዋል፤ በአንድ ጎን ከቆዩ ይበላሻሉ ብሎ ነው። ከዚያ ወጥቶ ይቀመጣል። ማታ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንበላለን። ጠብ የለም፣ ክፉ ቃል የለም። ጎረቤት ቢያየን የሚከባበሩ ባልና ሚስት ይለናል። እኔ ግን አንዳንድ ቀን አብሮኝ ያለው ሰው ዕቃ ቤት ውስጥ ካሉት ጥቅሎች አንዱ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። በሬዲዮ ሲነገር ሁለታችንም ሰማን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በልጅቷ ቦታ የገባው ሰውዬ ደወለ። ሁለት ምርጫ አለ፦ ወይ የከፈላችሁትን ገንዘብ እንዳለ ውሰዱ፣ ወይ በምትኩ የኤሌክትሪክ መኪና ተረከቡ። የከፈልነው ገንዘብ እንኳን መኪና ሊገዛ፣ በአሁኑ ዋጋ የሸጥኩትን ግቢ ሲሶ አይመልስም። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ባለቤቴም ሰማ። «ኤሌክትሪክ ማለት ሞተር የላትም ማለት ነው?» አለኝ። «አላት፣ ግን እንደምታውቀው ዓይነት አይደለም» አልኩት። «ካንዴላ?» «የላትም።» «ችንጋ? ፍሪሲዮን?» «የላትም።» «ማርሽ?» ሰውዬውን ጠየቅኩት፤ እንደሌላት ነገረኝ። ባለቤቴ ተነስቶ ሄዶ የዕቃ ቤቱን በር ዘጋው። ተመልሶም፣ «አንቺ ወስኚ፣ ቲቸር፤ መሬቱ ያንቺ ነው» አለኝ። መሬቱ ከተሸጠ ስንት ጊዜው። «ትምጣ» አልኩ። ጥሩ ውሳኔ ይሁን አይሁን አላሰብኩም። መጠበቁ ብቻ እንዲያበቃ ነበር የፈለግኩት።

ባለቤቴ ራሱ ሄዶ እየነዳ እንዲያመጣት ሲጠይቅ ሰውዬው ሳቀ። «ጋሼ፣ ጂንካ ድረስ? መንገድ ላይ ባትሪ ቢያልቅብዎት ኃላፊነት አንወስድም» አለው። ስለዚህ በአይሱዙ ተጭና ትመጣለች ተባለ፣ እንደ አልጋ፣ እንደ ቁም ሳጥን። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ወይጦ እንወርዳለን።»

ወረድን። ከድሮ ጓደኞቹ በሕይወት ያሉትና እግራቸው የጠና ጥቂቶች አንድ ሚኒባስ ይዘው አብረውን መጡ። ፍየሉ ታረደ። ወይጦ ያው ወይጦ ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። አይሱዙው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ በገመድ ግራና ቀኝ ታስራ፣ አቧራ ለብሳ ከላይ ቁጭ ብላለች። ሹፌሮቹ ዙሪያዋን ቆመው ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። ምን እንደሚባል ግራ ገባቸው። ትልቁ ሹፌር ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የበረከት ያድርግላችሁ፣ ከአደጋ ይሰውራት» ብሎ መረቀ፤ እኛም አሜን አልን።

ከዚያ ልማዱ ነው፣ ዳገቱን እሱ ማውጣት አለበት። ግን እንዴት ትውረድ? ወይጦ ላይ መኪና የሚያወርድ ጉብታ አላገኘንም። ቢገኝም ባትሪዋ አልቋል፤ ከተማው ደግሞ ያን ቀን መብራት አልነበረውም። የአይሱዙው ሹፌር ጂንካ ውስጥ ጭነት ማውረጃ ከፍታ ያለው መጋዘን እንደሚያውቅ፣ እዚያ በቀላሉ እንደምትወርድ ነገረን። የባለቤቴ ጓደኞች ወደ መሬት አዩ። አንደኛው፣ ባለቤቴ ራሱ መንዳት ያስተማረው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ወደ ሚኒባሱ ይዘሽው ግቢ፣ ፀሐዩ ይጎዳዋል» አለኝ።

ባለቤቴ ግን ወደ አይሱዙው ሹፌር ሄደ። «ቁልፉን አምጣ» አለው። ሰጠው። ቁልፉን አመጣና በእጄ ላይ አስቀመጠው፣ እጁንም ዘርግቶ ቆመ። መልሼ ሰጠሁት። ጋቢውን ለጓደኛው አስይዞ በጭነቱ ጎን ባለው ብረት ላይ እግሩን ጣለና መውጣት ጀመረ። «አባቴ፣ ኧረ ትራፊክ ያየኛል!» አለ የአይሱዙው ሹፌር። «ትራፊኩን እኔ አናግረዋለሁ» አለው ባለቤቴ ከላይ። የመኪናዋ በር ከአይሱዙው ጎን ስለሚጋጭ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ሆዱን ስቦ በጠባቡ ገባ። እኔ ለምን እንደተከተልኩት አላውቅም። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከታች ደገፉኝ፤ እንደምንም በሌላው በር ገባሁ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። መቀመጫውን ላስቲክ ሸፍኖታል፣ ያቃጥላል።

አይሱዙው ተነሳ። እኛ ከላይ ነን። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ መሪዋን በሁለት እጁ ያዘ። መኪናዋ ጠፍታለች፣ ገመድ አስሯታል፣ የሚሰማው የአይሱዙው ሞተር ብቻ ነው። መጠምዘዣ ሲመጣ ትከሻው አብሮ ይታጠፋል። ዳገቱ ሲከብድ ቀኝ እጁ ከመሪው ወርዶ ማርሽ ይፈልጋል፣ ሲያጣው ጉልበቱ ላይ ያርፋል። አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። በእናቴ መሬት የገዛሁት ይህንን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያም ቢሆን የሌላ ሰው ሒሳብ ነው የመሰለኝ።

አንድ ኩርባ ስናልፍ ፊት ለፊት የፍየል መንጋ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከላይ ስለሆንን ከታች ካለው ሹፌር ቀድመን አየነው። የባለቤቴ ቀኝ እግር ወዲያው ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ ግራ እጁን መሪው ላይ አጥብቆ ቀኙን ደረቴ ላይ ዘርግቶ ወደ ወንበሩ አስደገፈኝ። አይሱዙው አጓራና ቆመ። ፍየሎቹ እየተንጫጩ በግራና በቀኝ አለፉ። ባለቤቴ እጁን ከደረቴ ሳያነሳ ትንፋሹን ለቀቀ። ወደ እኔ ዞረ፤ ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ዓይኑ ግን እኔን እያየኝ ነበር።

«ያዘ» አለኝ። «ፍሬኗ ደህና ነው።»

ያ ሁሉ ዓመት አንድ ላይ መጣብኝ። ደስታ ይሁን ሐዘን አልለየሁትም፤ እንባዬ ግን ወረደ፣ አልጠረግኩትም። አይሱዙው እንደገና ሲንቀሳቀስ እሱም ወደ መንገዱ ዞሮ መሪውን ያዘ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።